ጋዜጣው ሊጽፍ የተቀመጠ ሰሞን

ሦስት ወንበር ባለው ፀጉር ቤት ውስጥ መካከለኛውን የያዘውን ሰው አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው የለም። ደንበኛው ሁሉ «ጋዜጣው» ነው የሚለው። ስሙን ያገኘው በላቡ ነው። ማን እንደታጨ፣ ማን እንደከሰረ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከገዛ ወንድሙ ጋር ለምን እንደተኳረፈ፣ ከእሱ ቀድሞ የሚሰማ የለም። መስማቱ ደግሞ ትንሹ ነገር ነው፤ ዋናው አወራሩ ነው። ነገሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ መቀሱን አየር ላይ ቀጥ ያደርጋል። ደንበኛው በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ያፈጥጣል፤ ወረፋ የሚጠብቁትም አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ጋዜጣው አንዲት ዘለላ ፀጉር ቀጭ ያደርግና «ታዲያልህ» ብሎ ይቀጥላል። ሌሎቹ ወንበሮች ባዶ ሆነው እንኳ «እሱን እጠብቃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ቃል በሰማ ቁጥር ጋዜጣው ቁመቱ የጨመረ ይመስለዋል።

በስተግራው ያለው ወንበር የዝምታው ነው። ይህን ቅጽል ያወጣለት ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ዝምታው ሥራ ሲጀምር «ይመቻል?» ይላል፤ ሲጨርስ «ይኸው» ይላል፤ በመሀል ያለው የመቀስ ድምፅ ነው። ሁለቱም ሙያውን የተማሩት ከአንድ ሰው ነው፤ በመስኮቱ በኩል ባለው ሦስተኛ ወንበር የድሮ ደንበኞቻቸውን ብቻ ከሚያስተካክሉት ከፀጉር ቤቱ ባለቤት። ጋሼ ይሏቸዋል። ጋሼ ምላጭ ሲያስጨብጧቸው ፊኛ ነፍተው፣ በሳሙና አረፋ ለቅልቀው፣ «ሳታፈነዱ ላጩ» ነበር ያሏቸው። ጋዜጣው ብዙ አፈነዳ። ዝምታው አንድም አላፈነዳም። ጋዜጣው ይህንን ለደንበኛ ሲያወራ የሳቁ ድርሻ ሁልጊዜ የእሱ ስለነበር፣ ማን እንደበለጠ ልብ ብሎት አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቤቱ በደንበኛ ጢም ብሏል። ሬዲዮው እንደ ወትሮው መደርደሪያው ላይ፣ ከዱቄቱ ቆርቆሮ አጠገብ ይለፈልፋል። አድማጮች የላኩትን ጽሑፍ የሚያነቡበት ሰዓት ነበር። የምታነበው ሴት ድምፅ ረጋ ያለ ነው። ቀኝ እጁ በሕመም ስለዛለበት አባት ታነባለች። ሰውየው ጢሙን በግራ እጁ መላጨት ይማራል። ልጁ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያል፤ አባቱ አገጩን ሲቆርጥ ያያል፤ ግን አይገባም፤ ምክንያቱም ከገባ አባቱ ዳግም ምላጭ እንደማያነሣ ያውቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚያስቅ ነገር የለው፣ ጫፍ ላይ የሚቆም ነገር የለው። ሆኖም ወረፋ የያዙት ሰዎች እግራቸውን ማወዛወዝ ትተው ነበር።

አንባቢዋ ስትጨርስ የጸሐፊውን ስም ጠራች፤ «በሙያው ፀጉር አስተካካይ ነው» ብላም አከለች።

ጋሼ ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉት። «አንተ፣ ይሄ ያንተ ስም አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ጋሼ» አለ ዝምታው፤ የደንበኛውንም ማጅራት መጥረጉን ቀጠለ።

በዚያች ደቂቃ ጋዜጣው የያዘውን ደንበኛ የጆሮ ሥር ፀጉር ከሌላኛው ጎን ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ቆረጠው። ለማስተካከል ያኛውንም ከፍ አደረገ፤ አሁን ያኛው በለጠ። ሰውየው ሲገባ ያልጠየቀውን የወታደር ቁርጥ ይዞ ወጣ።

«ጎሽ፣ የኔ ወንድም» አለ ጋዜጣው፣ የዝምታውን ትከሻ መታ መታ እያደረገ። «ደብቀኸን ኖሯል። እንዲህ ያለ ጉድ ይዘህ ነው ለካ ዝም የምትለው።» ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን እህል አልወርድለት አለ።

ቅናት መሆኑን ለራሱ እንኳ አላመነም። መጀመሪያ ያደረገው ስርቆት መፈለግ ነው። ይህ ወሬ የኔ ሳይሆን አይቀርም፣ ከአፌ ለቅሞት ነው ብሎ አሰበ። ያወራቸውን ወሬዎች አንድ በአንድ በርብሮ አየ። የግራ እጅ የለም። አባት የለም። የዝምታው አባት መታመማቸውን የሰማውም ገና በሬዲዮ ነው፤ እሱ፣ የሰፈሩን ሁሉ የሚያውቀው ሰው፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው አባት መታመም አላወቀም። ቢሰርቀው በስንት ጣዕሙ። የሰረቀን ሰው ይጣሉታል፣ ያሙታል። ምንም ያልወሰደብህን ሰው ግን ምን ትለዋለህ?

በሳምንቱ ጡረተኛው መምህር መጡ። እኚህ ሰው ለዓመታት የጋዜጣው ደንበኛ ናቸው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ «እስቲ የዛሬውን እትም አቅርብ» ነው የሚሉት። ጋዜጣው ነጩን ጨርቅ አራግፎ ተዘጋጀላቸው። መምህሩ ኮፍያቸውን አወለቁና ዝምታው ሰው ይዞ መሆኑን አይተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ይኸው ባዶ ነው» አለ ጋዜጣው።

«ግድ የለም» አሉ። «እሱን እጠብቃለሁ።»

ጋዜጣው ጨርቁን አጣጥፎ መልሶ ዘረጋው፤ ደግሞ አጣጠፈው። መምህሩ በዝምታው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ስለ ንባብ ክበባቸው አወሩለት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ትንሿ ክፍል ሰው እየተሰበሰበ የጻፈውን ያነብባል፤ በወሩ መጨረሻ አንተም ብትመጣ አሉት። ዝምታው «እሺ» አለ።

«እኔም አነባለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋዜጣው የራሱ ድምፅ መሆኑን ያወቀው ሁሉም ወደ እሱ ሲዞሩ ነው።

መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ አዩት። «እኛ የምንሰማው የተጻፈ ነው እንጂ የተወራ አይደለም፣ ልጄ።»

«እጽፋለሁ እንጂ። ምን አቅቶኝ?»

«እንግዲህ ሰው ሰምቷል» አሉ ጋሼ ከመስኮቱ በኩል፣ ማበጠሪያቸውን እያፀዱ። «ይህን አፍህን ታውቀዋለህ፤ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚመጣው።»

እውነታቸውን ነበር። እስከ ማታ ድረስ ራሱ ጋዜጣው ለሃያ ሰው ነግሮታል። አሁን ነገሩ ቀልድ አይደለም። በወሩ መጨረሻ ባዶ እጁን ከሄደ ከዚያ ወዲያ መቀሱን አየር ላይ ቢያቆም ማን ዓይኑን ያፈጥጥለታል?

ብልህ ነውና ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ መረጠ። ፎጣ ሲያሰጡ ዝምታውን ጠጋ አለው።

«ለመሆኑ መቼ ነው የምትጽፈው?»

«ጠዋት የምከፍተው እኔ አይደለሁ?» አለ ዝምታው። «ማንቆርቆሪያውን እጥዳለሁ። ውሃው እስኪፈላ እጽፋለሁ። ሲፈላ አቆማለሁ።»

«ካላለቀስ?»

«ነገም ውሃ አፈላለሁ።»

«በቃ?»

«በቃ። እያማረኝ ነው የማቆመው፤ መሀል ላይ። በማግስቱ ከየት ልጀምር ብዬ አልጨነቅም።»

ጋዜጣው በሆዱ ሳቀ። የሆነ ነገር ደብቆኛል አለ። ሰው እንዲህ በቀላሉ ይጽፋል? ወይ ቦታው ነው፣ ወይ ሰዓቱ ነው፣ ወይ ባዶ ቤት ውስጥ ያለው ጸጥታ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ጋሼ ዘንድ ቀረበ።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ አሳዘነኝ። ቤቱ ሩቅ ነው፣ አባቱም ታመውበታል። በጠዋት አውቶቡስ ሲጋፋ ከሚመጣ ቁልፉን እኔ ልያዝለት፤ የኔ ቤት እዚሁ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «እንዲህ ታስብለታለህ?»

«ወንድሜ አይደል?»

ዝምታው ቁልፉን ከቀለበቱ ፈትቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። «የማንቆርቆሪያው ክዳን አይገጥምም» አለው፤ «ጨርቅ ጣል አድርግበት።» ቢቆጣ ለጋዜጣው በቀለለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፍቶ ገባ። ወለሉ ትናንት ማታ በታጠበበት ሳሙና ይሸታል፤ ከአልኮሉና ከዱቄቱ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ። ውጭ መንገድ ጠራጊዋ መጥረጊያዋን እየጎተተች ታልፋለች። ማንቆርቆሪያውን ጣደ። የዓምናው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባው ነጭ ስለሆነ ቀድዶ ይዞ ነበር። ከዚያ የራሱን ወንበር ትቶ በዝምታው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አንድም ነገር እንዳይጎድል ብሎ እስክሪብቶውንም በዚያ በኩል ካለው ሣጥን አወጣ። «አንድ ቀን አንድ ሰውዬ» ብሎ ጻፈ። ሰረዘው። ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ያለው የራሱ ፊት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ወሬውን ያውቀዋል። ማን ዓይኑን ያፍጥጥለት? «አንድ ሰውዬ አንድ ቀን» ብሎ ገለበጠው። ውሃው ፈላ።

በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ተናድዶ የታወቀውን ወሬውን፣ ጢሙ በግማሹ ተላጭቶ እያለ እጮኛው መጣች ሲባል በመስኮት ስለዘለለው ሙሽራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጻፈው። ቤት ወስዶ ለሚስቱ አነበበላት። ሚስቱ በፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ የምትተይብ፣ ረጅም ነገር የማትወድ ሴት ናት። እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ይሄንን ስትነግረኝ እኮ ሳቄ አልቆም ብሎኝ ነበር» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁን...» አሰበች። «ሰውየው ጢሙ ግማሽ ነው። ገባኝ።»

«በቃ፣ ገባኝ?»

«ምን ልበልህ? ስትናገረው ቅንድብህ አለ፤ እጅህ አለ። እዚህ ላይ እሱን አልጻፍከውም።»

ከዚህም የባሰ ነገር ገጠመው። አንድ ጠዋት ሲመጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠልለው፣ አውቶቡስ ሲመጣ ማን ጃንጥላውን እንደሚይዝ ሲግደረደሩ አየ። ይቺን ነገ እጽፋታለሁ ብሎ በሆዱ ያዛት። ታዲያ የመጀመሪያው ደንበኛ እንደተቀመጠ ምላሱን በላው፤ ነገረው። ለሁለተኛውም ነገረው፣ ትንሽ ጨመር አድርጎ። ምሳ ሰዓት ላይ ከጃንጥላው ሥር የነበሩት ሰዎች ሊጋቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በማግስቱ ወረቀቱ ፊት ሲቀመጥ ወሬው ጣዕሙ እንዳለቀ ማስቲካ ሆኖ አገኘው። ያኔ አንድ ነገር ተገለጠለት፤ ደስ ባይለውም። ወሬውን በአፉ ሲጨርሰው ለእጁ ምንም አያስተርፍለትም።

ስለዚህ አፉን ሊዘጋ ወሰነ። ያ ሳምንት በፀጉር ቤቱ ታሪክ የሚረሳ አይደለም። ደንበኛ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል፤ ጋዜጣው ከንፈሩን ነክሶ ይቆርጣል።

«አሞሃል እንዴ?» አለው አንዱ።

«ደህና ነኝ።»

«ሚስትህ ናት?»

«ደህና ናት አልኩህ።»

«እኔ እኮ ደህንነቷን አልጠየቅኩህም።»

ጋሼ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት። «ሁለት ዝምታ ለአንድ ቤት ይበዛል» አሉ። «አንዳችሁ ተናገሩ፣ ወይ እኔ መዝፈን ልጀምር ነው።» በአራተኛው ቀን ጋዜጣው አልቻለም፤ ግድቡ ተከፈተና የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ከሰዓት አወረደው።

በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት መጽናኛ ነበረችው። ዝምታው ጠዋቱን አጥቷል፤ እንግዲህ እሱም አይጽፍም። ይህንን ማሰቡ ደስ እንዳይለው ይሞክራል፤ ግን ደስ ይለዋል። መቀሱን እያንቀሳቀሰ በመስታወቱ ውስጥ ይከታተለዋል። የሚፈልገው መድከሙን ነው፤ የደከመ ዓይን፣ የተሰላቸ እጅ፣ አንድ ምልክት። ደንበኛ ሲይዝ ያየዋል፣ ምላጭ ሲስል ያየዋል፣ ጭንቅላት ሲያዞር ያየዋል። እንዲህ አጥብቆ ያየው ሰው በሕይወቱ የለም፤ ሚስቱን እንኳ እጮኛው በነበረች ጊዜ። የደከመ ነገር ግን አላገኘበትም።

አንድ ምሳ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። «መጻፉስ?» አለው፣ ዳቦውን እየቆረሰ። «ይሄ የቁልፍ ነገር ሳያስቀርብህ አልቀረም መቼም።»

«ኧረ እጽፋለሁ» አለ ዝምታው። «አሁን አውቶቡስ ላይ ሆኗል። ከመነሻው ስለምሳፈር ወንበር አላጣም። እንደውም መንገዱ ከውሃው ይረዝማል።»

ጋዜጣው የቆረሰውን ዳቦ መልሶ አኖረው። ሰው ሲሰርቅ ቢያንስ የተሰረቀው ይጎዳል። የሱ ስርቆት ለሰውየው ጊዜ ጨመረለት።

«ቁልፉን ብመልስልህስ?» አለ፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ።

«ተወው። ተመችቶኛል።» ዝምታው ፍርፋሪውን ከጉልበቱ አራገፈና ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞር አለ። «ለኔ አዝነህ አልነበር የወሰድከው?»

ሲለው ፈገግ አላለም፤ አልተቆጣምም። ጋዜጣው የተረፈውን ዳቦ በወረቀት ጠቀለለ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃውን ጥዶ ሲቀመጥ ጃንጥላም፣ ሙሽራም፣ ደንበኛም ትዝ አላለውም። አንጀቱ አሮ ነበር። በዚህ ጊዜ የተቀመጠው በራሱ ወንበር ላይ ነው፤ የዚያን ሰውዬ ወንበር ማየት አስጠልቶታል። «አጠገቤ የሚሠራ ሰው አለ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ያየውን ጻፈ። ደግሞ ያየውን። ብዙ አይቶ ነበርና እስክሪብቶው አልቆመም። ማንቆርቆሪያው ጨርቁን ገፍቶ ምድጃው ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው የነቃው። መሀል ላይ ነበር፤ አቆመ።

የሚያስገርመው ከዚያ የሆነው ነው። ያን ቀን ወሬውን ለማንም አልነገረም። መታገስ ችሎ አይደለም፤ ለማን ይነግረዋል? «በዚህ ሰውዬ ቀንቼ እየነደድኩ ነው» ብሎ ለደንበኛ ይናገራል? በሕይወቱ የማይወራ ወሬ ሲገጥመው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጃንጥላውን ለሁሉም ነገረ፤ ሙሽራውን በየቀኑ አስቃቸው፤ ይቺ ግን ሆዱ ውስጥ እንደተከደነች ዋለች። በማግስቱ ወረቀቱን ሲገልጥ ትናንት የተዋት ቦታ ላይ፣ ሳትቀዘቅዝ፣ ትጠብቀዋለች።

እንዲህ ሆኖ ለመደ። አንዳንድ ጠዋት ግማሽ ገጽ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጠዋት አንድ መስመር ጽፎ ያችኑ መስመር ሲያያት ውሃው ይፈላል። መጀመሪያ ሰሞን ባልመጣለት ቀን ይናደድ ነበር። ኋላ ላይ ናላውን ማዞር ተወ። ፀጉር ሲቆረጥ ከመነሻው አብዝቶ የሚያነሣ ሰው መመለሻ የለውም፤ ትንሽ ትንሽ እያሉ ማየት ነው። ይህን ከጋሼ የተማረው መቀስ በያዘ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በወረቀት ላይም እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረውም ነበር። የጻፈውን መልሶ ያያል፤ «ታዲያልህ» የምትለዋን ያወጣታል፤ የጨመረውን ማጋነን ያነሣል። ሲያነሣለት ነገሩ የሚጎድል መስሎት ነበር፤ አልጎደለም።

«ምንድን ነው በጠዋት የምትሞነጫጭረው?» አለችው ሚስቱ።

«ዝም ብሎ ነው።»

እህ ብላ አየችው። ተጋብተው ሲኖሩ የጠየቀችውን ሳይነግራት ሲቀር አይታ አታውቅም። «ሴት ናት እንዳልል ሽቶ አትቀባም» አለች። «ሸሚዝህም ያው የትናንቱ ነው።»

«አንቺ ደግሞ።»

«እሺ። ግን ስትጨርስ እኔ ነኝ የምተይበው። ያንተን እጅ ጽሑፍ መድኃኒት ቤት ነው የሚያነበው።»

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። የቤተ መጻሕፍቱ ትንሿ ክፍል የላስቲክ ወንበሮች ተደርድረውባት ሞልታለች፤ ግማሹ የፀጉር ቤቱ ደንበኛ ነው፤ ሊስቅ ተዘጋጅቶ የመጣ። ጋሼ ክራቫት አስረዋል። ሚስቱ ከፊት ተቀምጣለች። ዝምታው ከበሩ አጠገብ።

መምህሩ መጀመሪያ ዝምታውን ጠሩት። አጭር ነገር አነበበ፤ አውቶቡስ ላይ በየቀኑ አብሮት ስለሚቀመጥና አንድ ቀን ስለቀረ ሰው። ሲጨርስ አንዲት ሴት ዓይኗን በመሐረብ ነካ ነካ አደረገች። ጋዜጣው ያችን ሴት ያውቃታል፤ ለዓመታት አስቋታል፤ አስለቅሷት ግን አያውቅም። ቅናቱ ከእግር ጥፍሩ ጀምሮ ወጣ። ወጥቼ ልሂድ እንዴ አለ። ስሙ ተጠራ።

ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። መቀስ የለ፣ መስታወት የለ። ሚስቱ እንድትተይበው እንኳ ያልሰጣትን ወረቀት በሁለት እጁ ያዘና አነበበ፦

«አጠገቤ የሚሠራ ሰው አለ። ደንበኛውን ጎንበስ በል አይለውም። ሁለት ጣቱን ከጆሮው በላይ ያሳርፋል፣ ጭንቅላቱ በራሱ ይዞራል። እኔ ጎንበስ በል፣ ቀና በል፣ ወደዚህ ዙር ስል እውላለሁ። ሰው ሊያስነጥስ ሲል መቀሱን ያነሣል፤ ሰውየው ግን ገና አላስነጠሰም። እንዴት እንደሚያውቅ ጠይቄው አላውቅም፤ ብጠይቀው ይነግረኛል ብዬ እፈራለሁ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ እሱ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ወንበር ላይ ማንም ተኝቶ አያውቅም። ድሮ በዚህ እኮራ ነበር።»

ይስቃሉ ብሎ የጠበቀበት ቦታ ላይ ማንም አልሳቀም። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወደ ወሰዳቸው ሽማግሌ ሲደርስ ግን ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ክፍሉ ሁሉ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና ጸጥታ ሆነ። እሱ በአየር ላይ በተቀሰረ መቀስ የሚያመጣው ዓይነት ጸጥታ አልነበረም። የሚቀጥለውን አይጠብቅም፤ ያለፈውን ነው የሚሰማው። የቀረውን አንብቦ ተቀመጠ። መምህሩ «ቀጥልበት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሚስቱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «እና ሰውዬው እሱ ነው?» አለችው። «ሰሞኑን ሁሉ ስለሱ ነበር የምትሞነጫጭረው?»

ሰው ሲበተን ዝምታው በሩ ላይ ጠበቀው። ይህ ሰው ሁሉን ሰምቷል፤ የሚለው ቃል ከሌላው ሁሉ ይበልጥበታል፤ ይህ ራሱ ደግሞ ያናድደዋል።

«ጥሩ ነው» አለ ዝምታው። ትንሽ አሰበ። «ግን ሁለት ጣት አይደለም። በሦስት ነው የማዞረው።»

«በሁለት ነው።»

«የኔ እጅ ነው እኮ።»

«የኔ ዓይን ነው እኮ!» አለ ጋዜጣው።

ዝምታው ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። ጋዜጣው እሑድን ሙሉ ሲብሰከሰክ ዋለ። ያችን አንዲት ነገር፣ በቅናት ዓይን አፍጥጦ ያገኛትን አንዲት ነገር፣ ሰውየው ነጠቀው። ሦስት ከሆነ የጻፈው ሁሉ ወሬ ነው ማለት ነው፤ እንደ ሙሽራው፣ እንደ ጃንጥላው።

ሰኞ ጠዋት የዝምታው የመጀመሪያ ደንበኛ ሲቀመጥ ጋዜጣው የራሱን ሰው በአረፋ ለቅልቆ ትቶ መስታወቱ ላይ ተተከለ። ዝምታው ነጩን ጨርቅ አሰረ። «ይመቻል?» አለ። እጁን አነሣና ከጆሮው በላይ አሳረፈ። ሁለት ጣት። ጭንቅላቱ ዞረ።

ዝምታው ራሱም ወደ መስታወቱ እያየ ነበር። ጣቶቹን አያቸው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ሁለት ነው» አለ ዝምታው።

ጋዜጣው አገጩን ቀና አደረገ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ጆሯቸውን ጥለዋል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ለሳምንት ይበቃል። ግን ዝምታው ማበጠሪያውን አስቀምጦ፣ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ መዳፉ ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር ሲያደርግ አየው።

«ምንድን ነው የጻፍከው?»

«እህ?»

«መዳፍህ ላይ። ስለኔ ነው?»

«ኧረ አይደለም» አለ ዝምታው፣ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ እየመለሰ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ውሸታም ሰው ፈገግ አለ።

«ጋዜጣው፣ ምን ልትል ነበር?» አለው በአረፋ የተለቀለቀው ደንበኛ።

«ምንም» አለ ጋዜጣው፣ ምላጩን ብድግ አድርጎ። «ቀና በል።»

በማግስቱ አውቶቡሱ ገና ከመነሻው ሳይንቀሳቀስ፣ መንገድ ጠራጊዋም ሳትመጣ፣ የፀጉር ቤቱ በር ተከፍቶ ነበር። ጋዜጣው ውሃ መጣዱን ረስቶ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ያ ሰውዬ ሳይቀድመው ይጽፋል።